እግር የሌለው እንዴት ይዋጋል? ስለ ተክሎች መከላከያ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሱሉልታ ጫፍ ላይ፣ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ቤት የሠራን ሰዎች ሁላችንም ትንሽ ትንሽ ገበሬ ነን። ከቤቱ ኋላ ጎመን አለ፣ ድንች አለ፣ ሁለት ሦስት መደብ ነጭ ሽንኩርት አለ፣ አጥሩ ሥር ጤና አዳም አለ። የጎረቤት በግም አለ። ስለ ተክሎች መከላከያ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ በቡና ሰዓት ሌላ ወሬ የለኝም። ጎረቤቶቼም እያሾፉም ቢሆን መጠየቁን አላቆሙም። ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ተክል ራሱን ይከላከላል ሲባል ያስባል ማለት ነው?

አይደለም። አንጎል የለውም፣ ነርቭም የለውም። ግን ነገሩን እንዲህ እዩት። በግ ጅብ ሲመጣበት ይሮጣል። ጎመን ወዴት ይሮጣል? በተተከለበት ይውላል፣ በተተከለበት ያድራል፣ የሚበላው ሁሉ ደግሞ አድራሻውን ያውቀዋል፤ በጉ፣ ፍየሉ፣ አባጨጓሬው፣ ቀንድ አውጣው፣ ሻጋታው፣ ባክቴሪያው። እንዲያም ሆኖ ክረምት ሲወጣ ሜዳው አረንጓዴ ነው። መሮጥ የማይችል ነገር ወይ መውጋት አለበት ወይ መምረር። በመምረር ደግሞ ተክልን የሚያክል የለም። ወጥ ቤታችን ውስጥ የሚሸት፣ የሚያቃጥል፣ የሚመር ነገር ካለ አብዛኛው ለኛ ተብሎ የተሠራ አይደለም፣ ለአባጨጓሬ ነው።

ሰናፍጭ ሳይፈጭ ለምን አይሸትም?

ይሄን ጥያቄ ስለምወደው ትንሽ ልርዘም። የሰናፍጭ ፍሬ ደረቁን እፍኝ ሙሉ ይዛችሁ ብታሸቱት ምንም የለውም። ተፈጭቶ ውሃ ሲነካው ግን፣ በጾም የቀመሰ ሰው ያውቀዋል፣ በአፍንጫ ገብቶ ዓይን ድረስ ይወጣል። ምን ተፈጠረ? ፍሬው ውስጥ ሁለት ነገሮች ለየብቻ ተቀምጠዋል። አንዱ ግሉኮሲኖሌት የሚባል ውህድ ነው፣ ብቻውን ብዙም አይጎዳም። ሌላው ማይሮሲኔዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ቤንዚንና ክብሪት አንድ ቤት ውስጥ በተለያየ ክፍል እንደማስቀመጥ ቁጠሩት። ጥርስ ወይም ወፍጮ ሲያርፍበት ግድግዳው ይፈርሳል፣ ሁለቱ ይገናኛሉ፣ የሚያቃጥለው ዘይት እዚያው ይፈጠራል። አባጨጓሬዋ ገና ስትነክስ በራሷ ጥርስ አፈነዳችው ማለት ነው።

የሐበሻ ጎመን የሰናፍጭ ዘመድ ስለሆነ ይሄው መሣሪያ አለው። ጥሬውን ስታኝኩት ምላስ ላይ ቸንከር የሚያደርገው እሱ ነው።

ነጭ ሽንኩርትም ሥሪቱ ሌላ፣ ዘዴው ግን አንድ ነው። ያልተላጠ ነጭ ሽንኩርት ኪሳችሁ ይዛችሁ ታክሲ ብትገቡ ማንም አያውቅባችሁም። ከተወቀጠ ግን ሽታ የሌለው አሊን ከኢንዛይሙ ከአሊኔዝ ጋር ይገናኝና አሊሲን ይሆናል፣ ያኔ ታክሲው ሁሉ ዞሮ ያያችኋል። ቀይ ሽንኩርት ስትከትፉ የሚያስለቅሳችሁም እንዲሁ ከተቆረጠ በኋላ የሚፈጠር ጋዝ ነው። ሽንኩርቱ እናንተን እንደ አንድ ትልቅ አይጥ ነው የሚያያችሁ።

እንዲህ ከታጠቀ ታዲያ ጎመኔን ክሽክሽ ለምን ጨረሰው?

ጠላትም ስለሚማር ነው። ክሽክሽ አያኝክም። እንደ መርፌ የቀጠነ አፉን የቅጠሉ ፈሳሽ የሚሄድበት ሥር ውስጥ ይተክልና ፈሳሹን ይመጥጣል፣ ስለዚህ ክፍሎቹን የለየው ግድግዳ ብዙም አይፈርስም። ጉዱ ደግሞ ከዚህ በኋላ ነው። ያ አመድ የመሰለው የጎመን ክሽክሽ ግሉኮሲኖሌቱን ከጎመኑ ወስዶ ሰውነቱ ውስጥ ያጠራቅማል፣ ኢንዛይሙን ደግሞ ራሱ ያመርታል። ጥንዚዛ መጥታ ስትበላው እሷ ላይ ይፈነዳል። የጎመኑን ጠመንጃ ሰርቆ ራሱን ይጠብቅበታል ማለት ነው።

ጎመን ላይ እንቁላሏን የምትጥለው ነጭ ቢራቢሮም ያንን ውህድ አትፈራውም፣ እንዲያውም ጎመኑን የምትለየው በእሱ ነው። ለሌላው "አትጠጋ" የሚለው ለእሷ "ምሳ ደርሷል" ነው።

ግን ጥፋቱን ሁሉ ክሽክሹ ላይ አልጭንም። ዓምና ቅጠሉ ትልቅ እንዲሆንልኝ ብዬ ዩሪያ አበዛሁበት። ሆነልኝም፣ እንደ ጆንያ ሰፍቶ፣ ጠቁሮ፣ ለስልሶ መጣ፣ እኔም ለጎረቤት እየጠራሁ አሳየሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ቅጠሉን ገልበጥ ሳደርገው በክሽክሽ ተሸፍኗል። ናይትሮጅን የበዛበት ቅጠል ለስላሳና ምግብ የሞላው ነው፣ ክሽክሽ ደግሞ እንዲህ ያለ ቤት ሲያገኝ ቶሎ ይራባል። እናቴ ፍግ ብቻ እያደረገች ያሳደገችው ጎመን ከኔው ያነሰ ነበር፣ ግን ተበላ። በሰው ማለቴ ነው።

በጎቹ ጎመኑን ጨርሰው ባህር ዛፉን ለምን አይነኩትም?

ዘይቱ ነው። የባህር ዛፍ ቅጠል ወደ ፀሐይ አንስታችሁ ብታዩት የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ብርሃን የሚያሳልፉ ነጥቦች አሉት፤ የዘይት ከረጢቶች ናቸው። በግና ላም ምግባቸውን የሚፈጩት ጨጓራቸው ውስጥ ባሉ ረቂቅ ህዋሳት ነው፣ ዘይቱ ደግሞ እነዚያን ህዋሳት ይረብሻቸዋል። ለጉንፋን የምንታጠንበት ሽታ ለበግ ሆድ እንዲህ ነው። በትውልድ አገሩ በአውስትራሊያ ግን ኮዋላ የሚባል እንስሳ ሌላ ነገር ሳያምረው እሱኑ በልቶ ይኖራል። መርዙን የሚያረክስ ጠንካራ ጉበት አለው፤ ከምግቡ የሚያገኘው ጉልበት ትንሽ ስለሆነም ቀኑን አብዛኛውን ተኝቶ ነው የሚያሳልፈው። በምኒልክ ዘመን ዛፉ ወደኛ ሲመጣ ኮዋላው አልተከተለውም፤ እንጦጦ ላይ እንዲያ የተንሰራፋውም ለማገዶ ስለተፈለገ ብቻ አይደለም።

ሣሩ ደግሞ ሌላ ብልሃት ነው ያለው። ብዙም አይዋጋም። የሚያድግበትን ጫፍ መሬት ላይ፣ ከበግ ጥርስ በታች ደብቆ ከላይ ያለውን ይለቅለታል። "እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ" ይባላል፤ አህያዋ ኖረችም ሞተችም ሰርዶው ይበቅላል።

ሳማ ይህን ያህል እያቃጠለ እንዴት ይበላል?

የሳማ ፀጉር ጫፉ እንደ መስታወት ነው፣ ከሲሊካ የተሠራ። ሲነኩት ይሰበርና ስል መርፌ ይሆናል፣ ከሥሩ ያለውን ፈሳሽ ቆዳ ውስጥ ይወጋዋል። ፈሳሹ ውስጥ ሂስታሚን አለ፣ አለርጂ ሲነሳብን ሰውነታችን የሚለቀው ያው ነገር። ሲቀቀል ግን መርፌው ይልማል፣ መርዙም ይበተናል፣ ለዚህ ነው የሳማ ወጥ ጉሮሮ የማይወጋው። የኛ ደጋ ሳማ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ በተፈጥሮው የማይገኝ፣ የኢትዮጵያ ብቻ የሆነ ዝርያ ነው። በአውሮፓው ዘመዱ ላይ እንደታየው ደግሞ ሳማ የተጎዳ እንደሆነ ቀጥሎ የሚያወጣው ቅጠል ፀጉሩ ይበዛል። አጥር ሥር ያለውን በየሳምንቱ የምትቆራርጡ ሰዎች፣ አስቡበት።

ግራርም እሾህ ያበቅላል፣ ግን አንዳንዱ እሾህ አይበቃኝም ብሎ ዘበኛ ይቀጥራል። በምሥራቅ አፍሪካ ሜዳ ላይ ያለ አንድ የግራር ዓይነት እሾሁን ከሥሩ አሳብጦ ለጉንዳን ቤት ይሰጣል፣ ከቅጠሉ ሥርም የማር ወለላ ያጠጣዋል። ጉንዳኑ በምላሹ ዝሆኑንም ቀጭኔውንም አፉ ላይ ይነክሳል። ኬንያ ውስጥ ተመራማሪዎች የዱር እንስሳቱን በአጥር ከግራሮቹ ለዓመታት ለዩአቸው። ውጤቱ በ2008 ሲታተም ግራሮቹ ደመወዙን ቀንሰው፣ የጉንዳን ቤትም አሳንሰው ተገኙ። ጠላት ከሌለ ዘበኛ ምን ያደርጋል። ዛፎቹ ግን አልተመቻቸውም፣ ዘበኛው ሲሄድ ሌላ ዓይነት ጉንዳንና ግንድ የሚበሳ ጥንዚዛ ገባባቸው።

ወፍ ሚጥሚጣ ሲበላ አያቃጥለውም?

አያቃጥለውም። ማቃጠሉን የሚሰማው ነርቭ ላይ ያለው መቀበያ በወፍ ዘንድ ለካፕሳይሲን፣ ለዚያ ለሚያቃጥለው ውህድ፣ ደንታ የለውም። ወፍ ደግሞ ፍሬውን ሳያደቅ ውጦ ሩቅ ሄዶ ይጥለዋል። አይጥ ግን ፍሬውን ስለሚያደቅ ይቃጠላታል። እኛን በርበሬው እንዴት እንደሚያየን ከዚህ ይገባችኋል።

ተክሎች ሲጠቁ ጎረቤታቸውን ያስጠነቅቃሉ የሚባለው እውነት ነው?

"ያወራሉ" የሚለው ትንሽ ተጋንኗል። ግን መሠረት አለው፣ እናንተም ታውቁታላችሁ። ጥቅምት ላይ የሱሉልታ ሜዳ ሲታጨድ ያ ደስ የሚል ሽታ አለ አይደል? የተቆረጠ ቅጠል ጩኸት ነው። ሲያቆስሉት በደቂቃዎች ውስጥ የሚለቃቸው ተናኝ ውህዶች ናቸው።

መጀመሪያ የታወቀው በአንዱ ተክል ውስጥ ያለው መልእክት ነው። በ1972 አሜሪካ ውስጥ ክላረንስ ራያንና ባልደረባው የድንችና የቲማቲምን ቅጠል በጥንዚዛ አስበሉ። የተበላው ቅጠል ብቻ ሳይሆን ያልተነካውም ቅጠል ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያደርግ ነገር አጠራቀመ። ጥንዚዛዋ ትበላለች፣ ግን የበላችው አይሆንላትም። በ2018 ደግሞ የጃፓንና የአሜሪካ ተመራማሪዎች መልእክቱ ሲሄድ ቀረጹት። አንዱ ቅጠል ሲነከስ የካልሲየም ማዕበል ተነስቶ በደቂቃዎች ውስጥ ሩቅ ያለው ቅጠል ይደርሳል፣ የሚያስነሳው ደግሞ ግሉታሜት ነው፣ በኛ አንጎል ውስጥም መልእክት የሚያመላልሰው ያው ግሉታሜት። ነርቭ የለውም አላልኩም? የለውም። ግን ዕቃው አለው።

ከተክል ወደ ተክል ስንመጣ፣ ራያንና ኤድዋርድ ፋርመር በ1990 ቲማቲምን አሜሪካ ከሚበቅል ሽታ ካለው አንድ ቁጥቋጦ ጋር በተዘጋ ዕቃ ውስጥ አስቀመጡት። ቲማቲሙ ሳይነካ፣ ከቁጥቋጦው በሚወጣው ሽታ ብቻ ታጠቀ። በተዘጋ ዕቃ መሆኑን ግን አትርሱ፣ ነፋስ ባለበት ሜዳ ሽታው ቶሎ ይበተናል። ደግሞም ቁጥቋጦው ለጎረቤት አዝኖ ነው ብዬ አልምልም። የሚለቀው ለራሱ ሌላ ቅርንጫፍ ሊሆን ይችላል፣ ጎረቤቱ ጆሮውን ጥሎ ነው የሚሰማው። መንደር ውስጥ ያለ ነገር ነው።

በቆሎ ደግሞ ፖሊስ ይጠራል። አባጨጓሬ ሲበላው ምራቋን ለይቶ ልዩ ሽታ ይለቃል፣ ሽታውን ተከትላ ጥቃቅን ተርብ ትመጣና አባጨጓሬዋ ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች። ናይሮቢ ያለው ኢሲፔ የሚባለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ይህን የሽታ ጉዳይ ወደ እርሻ አወጣው። በበቆሎው መሃል ዴስሞዲየም የሚባል ተክል ይተከላል፣ ሽታው አገዳ ቆርቁር የሚባለውን ተባይ ያባርራል፤ ዙሪያውን የዝሆን ሣር ይተከላል፣ እሱ ደግሞ ይስባታል። የዝሆን ሣሩ ላይ የተፈለፈሉት ትሎች ሲበሱት ሙጫ የመሰለ ነገር ይለቅባቸዋል፣ አብዛኞቹ ያልቃሉ። ዴስሞዲየም በሥሩ በኩል አቀንጭራ የሚባለውን ጥገኛ አረምም ያዳክማል፣ ከዚያ ለከብት መኖ ይሆናል። ከዚህ ሁሉ መከላከያ እኔን በጣም የገረመኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ሰው አዲስ መርዝ አልፈጠረም፣ ተክሎቹ ድሮም የሚያደርጉትን በረድፍ አሰለፈው እንጂ።

ተክል ሲታመም እንደኛ ነጭ የደም ሴል አለው?

የለውም። እየዞረ የሚጠብቅ ወታደር የለውም፤ እያንዳንዱ ሴል የራሱን በር ራሱ ይጠብቃል። መጀመሪያ ሰሙና ቅርፊቱ አለ። ቅጠሉ የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎችም ባክቴሪያ ሲመጣ ይዘጋሉ፣ ይሄ የታወቀው በ2006 ነው። ያንን አልፎ የገባ ጀርም ካለ የሚመጣው እርምጃ ከባድ ነው። የተጠቃው ሴል ራሱን ይገድላል፣ አጠገቡ ያሉትም አብረውት ይሞታሉ። እሳት መንደሩን እንዳይበላ ጥቂት ጎጆ አፍርሶ እሳቱን ማቆም ዓይነት ነው። ቅጠል ላይ የምታዩት ትንሽ ደረቅ ነጥብ ሁልጊዜ የሽንፈት ምልክት አይደለም፣ አንዳንዴ እዚያ ጋ ጀርሙ ተከቦ ሞቷል። ችግሩ፣ የሞተ ሴል ላይ የሚኖሩ ሻጋታዎች አሉ። ለእነሱ ይሄ ግብዣ ነው።

ከዚያ በኋላ ተክሉ ሳሊሲሊክ አሲድ ያመርትና ሌላው አካሉ ለሳምንታት ነቅቶ ይጠብቃል፣ እንደ ክትባት ማለት ይቻላል። ሳሊሲሊክ አሲድ የአስፕሪን የቅርብ ዘመድ ነው። በ1979 አንድ እንግሊዛዊ ተመራማሪ የትምባሆ ቅጠል ላይ አስፕሪን ወግቶ ቅጠሉ ቫይረስ ሲቋቋም አይቷል። ይሄን ከነገርኩት በኋላ አንድ ጎረቤቴ የራስ ምታት ክኒኑን ድንቹ ላይ ሊበጠብጥ ነበር። አታድርጉት፣ ሲበዛ ቅጠል ያቃጥላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ዛፍ ቁስሉን አያድንም፣ ይዘጋዋል። የቆሰለው እንጨት ውስጥ እንዳለ ዙሪያው ይታጠርና አዲስ እንጨት በላዩ ይበቅላል።

የስንዴ ዋግን የሚቋቋም ዘር ሲወጣ ለምን ከጥቂት ዓመት በኋላ ይሸነፋል?

ይህን መጀመሪያ የፈታው ሰው የሠራው በተልባ ላይ ነው፣ ሃሮልድ ፍሎር ይባላል፣ አሜሪካዊ። የተልባን ዋግ ለዓመታት አጥንቶ በ1940ዎቹ የደረሰበት ነገር ይህ ነው፤ ተክሉ ጋ አንድ የመከላከያ ዘረመል ካለ፣ ዋጉ ጋ ያንን የሚያስነቃ አንድ ዘረመል አለ። ዋጉ ያቺን አንዷን ከለወጠ ዘበኛው አያውቀውም፣ ሰላም ብሎ ያሳልፈዋል። ዋግ ደግሞ በቢሊዮን የሚቆጠር ብናኝ ይበትናል፣ ከዚያ ሁሉ መሃል አንዱ ቢለወጥ ይበቃዋል።

እኛም አገር አይተነዋል። በ2010 ቢጫ ዋግ ስንዴውን ሲመታ ብዙ ገበሬ ወደ ዲጋሉ ዘር ዞረ፣ ዲጋሉ ቢጫ ዋግን ይችል ነበርና። በ2013 መጨረሻ ግን ሌላ የግንድ ዋግ ዝርያ መጣና ባሌና አርሲ ላይ ዲጋሉን አጋደመው። ከዚያ በፊት ዩጂ 99 የተባለው፣ ከኡጋንዳ የተነሳው የግንድ ዋግ፣ ዓለም ለዓመታት የተማመነበትን አንድ ዘረመል ሰብሮ ነበር። እዚህ ላይ ወገንተኛ ነኝ። ሜዳ ሙሉ አንድ ዓይነት ዘር መዝራት በሩን ሁሉ በአንድ ዓይነት ቁልፍ መቆለፍ ነው። ሰሜን ያሉ ገበሬዎች ስንዴና ገብስ ቀላቅለው የሚዘሩት ሐንፈጽ የሚባለው ነገር ኋላ ቀርነት ይመስላቸው ለነበሩ ባለሙያዎች መልሱ ይሄ ነው። ዋጉ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር በየመሃሉ የማይበላው ይገጥመዋል።

አረንጓዴ የሆነ ድንች ቢላጥ ይበላል?

ጥቂት ከሆነ አረንጓዴውን ወፈር አድርጎ ቆርጦ መጣል። ብዙ ከሆነ ወይም ከመረረ ሁሉንም ጣሉት። አረንጓዴው ራሱ ክሎሮፊል ነው፣ ጉዳት የለውም፤ ግን ብርሃን እንዳገኘው ይነግራችኋል፣ ብርሃን ያገኘ ድንች ደግሞ ሶላኒን ያጠራቅማል። መቀቀል አያጠፋውም። ገበያ ላይ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ የዋለውን ማዞር ነው።

ነጭ ሽንኩርቴ ሥሩ ላይ ነጭ ጥጥ አውጥቶ በሰበሰ፣ እዚያው መደብ ላይ ልድገመው?

በፍጹም። ይሄ ነጭ ብስባሴ ነው። ሻጋታው ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሰ ጥቁር እንክብል ሆኖ አፈር ውስጥ ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል። የሚያናድደው ደግሞ፣ የሚነቃው በነጭ ሽንኩርቱ ሽታ ነው። ያ ሌላውን የሚያባርር መሣሪያ ለእሱ የጠዋት ደወል ነው። ድንች ወይ ጎመን ቀይሩበት፣ የታመመ ሥር ወደ ፍግ ጉድጓድ አትጣሉ፣ አፈሩንም በዶማና በጫማ ወደ ሌላ መደብ አትውሰዱ።

የተክል መርዝ ለኛስ ይጠቅማል?

ጠዋት ቡና ጠጥታችሁ ነው የምትጠይቁኝ? ካፌይን ለነፍሳት መርዝ ነው። ግን የኔ ምሳሌ እንዶድ ነው። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ነበር። እንዶድ አረፋ የሚያወጣበት ሳፖኒን የሴልን ሽፋን ይበሳል፤ ተክሎችም ሻጋታን የሚመክቱበት አንዱ መሣሪያ ነው። ለዚህ ሥራ አክሊሉ ለማና ለገሰ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት አግኝተዋል። እናቶቻችን ግን ልብሱን ድሮም ያጥቡበት ነበር።

መርዝ መሆኑንም አትርሱ። ጓያ ውስጥ ያለው መርዝ ለወራት ሌላ ሳይበሉ እሱኑ ብቻ ለበላ ሰው እግር ያሽመደምዳል።

ጤና አዳም አጥር ሥር ብተክል ተባይ ያባርርልኛል?

አጥር ሥር ያለው የኔ ጤና አዳም አጠገቡ ያለውን ጎመን ከክሽክሽ አላዳነውም። የራሱን ሰውነት ግን ይጠብቃል። ቅጠሉ ውስጥ ፀሐይ ሲያገኘው የሚያቃጥል ውህድ አለ። እጃችሁ እርጥብ ሆኖ ቀጥቅጣችሁት በጠራራ ፀሐይ ብትሠሩ በማግስቱ ቆዳችሁ ውሃ ይቋጥራል። ለቡና አንድ ጭራ መቁረጥ ምንም አይደለም፣ ዛፉን ስትከረክሙ ግን ጓንት አድርጉ ወይም ማታ ሥሩት።

አመድም ይጠይቁኛል። ደረቅ ሆኖ ሲነሰነስ ለስላሳ ትሎችን ያስቸግራል። ዝናብ ሲመጣ ያበቃል።

የጎረቤት በግ እንዳይገባ የትኛውን ተክል ልትከል?

ቁልቋል ደህና ነው። ሲቆርጡት የሚወጣው ነጭ ወተት አፍ ያቃጥላል፣ ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፣ ስለዚህ በግም ትልም ይሸሸዋል። ዓይን ውስጥ ከገባ አደገኛ ስለሆነ ልጆች ካሉ ተጠንቀቁ። ግን እስኪያድግ ማን ይጠብቃል? እኔ ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ቆርቆሮ ነው ያስመታሁት።